የአባቷ ጫካ፣ ከላይ ሲታይ

ልጄን አባቷ «ቆቅ» ይላት ነበር። ገና ስትድህ ጀምሮ ከዓይኗ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። መርፌ ከእጄ ወድቆ እኔ ተንበርክኬ ወለሉን ስዳብስ፣ እሷ ከማዶ ሆና በጣቷ ታሳየኛለች። አባቷ የጫካ ጥበቃ ነበር። ቤታችንም ከጫካው ጫፍ፣ መሥሪያ ቤቱ የሠራልን የቆርቆሮ ቤት ነው። ከዙር ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ «የኔ ቆቅ፣ ዛሬ ምን አየሽ?» ይላታል። እሷም ትነግረዋለች። አንድ ግንድ ላይ አዲስ የመጥረቢያ ምልክት አለ፣ የወንዙ ውሃ ከትናንት ቀንሷል፣ የማላውቀው ሰው ዱካ ከድልድዩ ወዲህ አለ። እሱ እንደ ትልቅ ሰው ያዳምጣታል። አንዳንዴም ራቱን ትቶ ያለችው ቦታ ድረስ ሄዶ አይቶ ይመለሳል።

ስለ ጫካው ሲያወራ «ጫካዬ» ነበር የሚለው። ጫካው የመንግሥት፣ ደመወዙም የመንግሥት መሆኑን ማን ደፍሮ ይንገረው። ከላይ ተዳፋቱ ላይ ያለው ጥድ ግን እውነትም የእሱ ነው ማለት ይቻላል። እኔን ሳያገባ፣ ወጣት ሳለ፣ ያ ተዳፋት ራሰ በራ ነበር አሉ። እሱና ጓደኞቹ ችግኝ በጀርባቸው እየተሸከሙ ወጥተው ተከሉት። ጓደኞቹ ሌላ ሥራ እያገኙ ሲሄዱ እሱ ቀረ። ልጃችን ስትወለድ ጥዱ ከሰው ቁመት አልፎ ነበር። «ታላቅ ወንድምሽ ነው» ይላት ነበር። ከፍ ስትልና መልስ መመለስ ስትጀምር ደግሞ «ወንድምሽ ካንቺ የሚሻለው ስለማይናገር ነው» እያለ ያበሽቃታል።

ተምራ ከተማ ገባች፣ ሥራም ያዘች፣ ሴት ልጅም ወለደች። ሥራዋን ለጎረቤት ማስረዳት ግን ፈተና ሆነብኝ። «እንደ አባቷ ጫካ ትጠብቃለች» ስል «ከተማ ውስጥ የምን ጫካ?» ይሉኛል። «ከሰማይ ነው የምታየው» ስል ደግሞ «አውሮፕላን ትነዳለች እንዴ?» ይላሉ። ኋላ ራሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳችኝ። ሳተላይት ከምድር በላይ እየዞረ ፎቶ ያነሳል፤ ፎቶው ቢሮዋ ኮምፒውተር ላይ ይመጣል። አገሩ ሁሉ ካሬ በካሬ ተከፋፍሏል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ካሬዎች አሉት። አዲስ ምስል በመጣ ቁጥር ካለፈው ጋር ጎን ለጎን አስቀምጦ ያመሳክራል። የተቆረጠ፣ የተቃጠለ፣ የታመመ ዛፍ ካለ ይፈልጋል።

ምልክታቸው ሦስት ነው። ደህና ከሆነ «ጤናማ» ይላሉ። ጥርጣሬ ካለ «አጠራጣሪ» ይሉና ሁለተኛ ሰው ያየዋል፤ እሱም ከተስማማ በእግሩ የሚሄድ ቡድን ይላካል። ሦስተኛው «ደመና» ነው። ደመና ቦታውን ሸፍኖት ካልታየ እንደዚያ ይሉና የሚቀጥለውን ምስል ይጠብቃሉ። ደመና የተባለውን ሁለተኛ ሰው አያየውም። ምን ብሎ ያየዋል?

አንድ ደንብም ነበራቸው። ሰው ያደገበት ቦታ ካሬ አይሰጠውም። ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል እንደሚባለው ነው፤ ያደገበትን ቦታ የሚያይ ሰው ግን ዓይኑ ሳያይ ልቡ ይፈርዳል። ቤቱን ሲያይ የሚያየው የድሮውን ነው። ልጄ ስትቀጠር አለቃዋ «የት ነው ያደግሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እሷም የተማረችበትን ከተማ ስም ነገረቻት። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም። ከዚያ ቀስ ብላ፣ የአባቷን ጫካ ካሬ ይዞ ከነበረ ሠራተኛ ጋር ተለዋወጠች።

ያን ያደረገችው ለአባቷ ብላ ነው። ጡረታ እንደወጣ ሳንባው ታመመ። ሐኪሞቹ «ከሆስፒታል ራቅ ያለ ቦታ መኖር አይቻልም» አሉን። ልጃችን ከሷ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ሁለት ክፍል ተከራየችልንና ወረድን። መስኮታችን ከጋራዥ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። ባለቤቴ ጠዋት ይነሳና መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ተመልሶ ይተኛል። የሰጡትን አይበላም። «ምን ይምጣልህ?» ስለው «ምንም» ይላል። ዕድሜ ልኩን ዛፍ ሲያይ የኖረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ እያየ ምን ይምጣለት?

ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ትመጣ ጀመር። ገና በሩን ሳትዘጋ «ጫካዬ እንዴት ሰነበተ?» ይላታል።

«ደህና ነው አባዬ። ቀይ ነው።»

ቀይ የሚሉት ጤና ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ።

«ከወንዙ መታጠፊያ በታች ያለው?»

«እሱም።»

«ያ ያለፈው ዓመት ንፋስ የጣለው ቦታስ?»

«እየሞላ ነው። ቁጥቋጦ ይዞታል።»

«ቁጥቋጦ ሳይሆን ጥድ ነው። አንቺ ከላይ ሆነሽ ምን ታውቂያለሽ!»

ይስቃሉ። ያን ዕለት ይበላል። ዳቦ ቆርሼ ሻይ ስሰጠው ሳያየው ይጨርሰዋል። ከዓርብ እስከ ዓርብ የኖረው በዚያ ወሬ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ያዘዘለት ሐኪም ይቆጣኝ እንጂ።

አንድ ቅዳሜ ቢሮው ጭር ባለበት ሁለታችንንም ይዛን ሄደች። ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ተበላሽቶ ስለነበር ባለቤቴ በየመወጣጫው እየተቀመጠ ወጣ።

«ተራራውን ስወጣ እንዲህ አልደከመኝም» አለ።

«ተራራው ላይ እኔ አልተከተልኩህማ» አልኩት።

ክፍሉ በቀን መጋረጃ የተዘጋ ነው፤ ብርሃን ስክሪኑ ላይ እንዳያርፍ። ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል፣ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ሁለት ስክሪን አለ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ብቻ ነበር። ባልደረቦቹ «ደመናው» የሚሉት እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ የማያስተማምን ነገር ባየ ቁጥር «ደመና ነው» ብሎ ስለሚያልፍ ልጄ «አንተ የያዝከው አገር ክረምት አይወጣለትም!» ትለዋለች። ተነስቶ ወንበሩን ለባለቤቴ ሰጠው።

ልጄ ካሬውን ከፈተች። ባለቤቴ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«እሳት! ጫካው እየነደደ እኔን ሻይ ታጠጪኛለሽ?»

እውነትም ስክሪኑ ቀይ በቀይ ነው። ልጄና ደመናው በሳቅ ፈረሱ።

«አባዬ፣ እሳት አይደለም፤ ጤና ነው። ሕያው ቅጠል ዓይናችን የማያየው ብርሃን አለው። ኮምፒውተሩ ያንን ብርሃን እንድናየው ቀይ ይቀባዋል። ቀዩ በደመቀ ቁጥር ዛፉ ደህና ነው። የታመመ እንደሆነ እየገረጣ ይመጣል፤ ከዚያ ግራጫ ይሆናል።»

«አረንጓዴ ቢቀቡት ምን ነበረበት? ሰው ማስደንገጥ!»

ትንሽ ቆይቶ ግን ዓይኑ ለመደው። ማንም ሳይረዳው ወንዙን አገኘ፣ መታጠፊያውን አገኘ፣ ከዚያ ጣቱን እያንፏቀቀ ወደ ላይ ወጣና ተዳፋቱ ላይ አረፈ። ከሁሉ የበለጠ የደመቀው እሱ ነበር። ጣቱን ከዚያ አላነሳም። እኔ ከትከሻው በላይ አጎንብሼ ከምስሉ ሥር የተጻፈውን ቃል ፊደል በፊደል አነበብኩ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ካሳደግኩ በኋላ ስለሆነ እስከ ዛሬ ዝግ ብዬ ነው የማነበው። «ጤናማ» ይላል።

«ያቺ ነጭ ነጥብ ቤታችን ናት እማዬ» አለችኝ። ከምስር ታንሳለች። ያገባሁባት፣ የወለድኩባት፣ ስንት ዓመት የጠረግኳት ቤት።

ደመናው ባለቤቴን «አባባ፣ እዚያ ነበር እንዴ የሚሠሩት?» አለው።

«ዕድሜዬን ሙሉ። እሷም» ብሎ በአገጩ ወደ ልጃችን ጠቆመ፣ «እዚያች ነጥብ ውስጥ ነው ያደገችው።»

ደመናው ልጄን አያት። እሷ ስክሪኑን አየች። ከዚያ «እስኪ ብርጭቆ ውሃ ላምጣላችሁ» ብሎ ወጣ። እኔ ያን ጊዜ ምንም አልገባኝም። ደንቡን የነገረችኝ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ ሁለት ዓመት ተከታትሎ አነሰ። በሁለተኛው ዓመት በጋ ላይ የባለቤቴ ሳንባ ክፉኛ አመመው። ሆስፒታል አስገባነው። አፍንጫው ላይ ቱቦ ተደርጎ፣ ደረቱ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ዓርብ ሲሆን ዓይኑን ከበሩ አይነቅልም። ሐኪሙ ልጄን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «የሚያስደነግጥ፣ የሚያናድድ ነገር እንዳትነግሩት» አላት። እኔም ቆሜ ሰምቻለሁ።

በዚያው ሰሞን ነው ያየችው። ከተዳፋቱ ላይኛው ጠርዝ፣ ጥቂት ዛፎች ብቻ፣ ቀያቸው ደብዝዟል። ሌላ ሰው ቢሆን ሳያየው ያልፍ ነበር። እሷ ቆቅ ናት፤ አላለፋትም። ግን ደግሞ ምስሉ ላይ ስስ ጭጋግ ነበረ። «ደመና» ብላ ምልክት አደረገች።

«እማዬ፣ የመጀመሪያው ጊዜ እውነት ደመና መስሎኝ ነው» አለችኝ ኋላ። «በእናትሽ፣ የመጀመሪያውን እመኚኝ።»

አምናታለሁ።

በሚቀጥለው ምስል ጭጋግ አልነበረም። የደበዘዘው ሰፍቷል። አጠራጣሪ ብትል ቡድን ይሄዳል። ቡድኑ የታመመ ዛፍ ካገኘ ይቆርጣል፤ ሌላ መፍትሔ የለውም። ሲቆርጥ ደግሞ ወሬው የድሮ ባልደረቦቹ ጋ ይደርሳል፤ እነሱ ስልክ ይደውላሉ። አባቷ አልጋ ላይ ነው። ዝናብ ቢመጣ ያገግም ይሆናል ብላ አሰበች። አባቷም ትንሽ ይሻለው፣ ከዚያ እናገራለሁ ብላ አሰበች። ሁለቱን አንድ ላይ አሰበቻቸው። «ደመና» አለች። በጠራ ሰማይ።

ዓርብ ዕለት መጣች። ባለቤቴ ከቱቦው ሥር ድምፁ ተቆራርጦ፦

«ጫካዬ እንዴት ሰነበተ?»

«ቀይ ነው አባዬ።»

እኔ አልጋው ጫፍ ተቀምጬ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር። ልጄ ያን ስትል የተናገረችው ለትራሱ ነው፤ ዓይኑን አላየችውም። ደክሟታል ብዬ አሰብኩ።

ተሻለው። ወደ ቤት አመጣነው። እሷ ግን አልተናገረችም። አንድ ጊዜ ያልተነገረ ነገር በሁለተኛው ይከብዳል፣ በሦስተኛው ጭራሽ አፍ አያስከፍትም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ለስንት ሰው የምትመክር ልጅ! እየከሳች ሄደች። «ሥራ በዛብሽ?» ስላት «አዎ» ትለኛለች። ዓርብ ግን ቀርታ አታውቅም። ስትመጣ ያየችውን ሳይሆን የሚፈልገውን ትነግረዋለች፤ እሱም እየበላ ይሰማታል።

ነገሩን ያወጣው ደመናው ነው። ለሌላ ጉዳይ ከኋላዋ መጥቶ ቆሞ ስክሪኗን አየ። ቆየ።

«ይሄ ደመና አይደለም» አላት።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ደመና ያልሆነ አይተህ የምታውቀው?» አለችው። ልትስቅ ሞክራ ነበር።

«ስሚኝ። እኔ ሰነፍ ነኝ፤ አውቃለሁ። የማላውቀውን ደመና እላለሁ። አንቺ ግን የምታውቂውን ነው ደመና ያልሽው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአባባ ጫካ ነው አይደል? ያኔ መናገር ነበረብኝ። አሁን ወይ አንቺ ለአለቃችን ንገሪያት፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ።»

ልጄ ተነስታ ወደ አለቃዋ ክፍል ገባች። ሁሉንም ተናገረች፤ ካሬውን በምን መንገድ እንደወሰደችው፣ ስንቱን ምስል እንዴት እንዳሳለፈችው። አለቃዋ አልጮኸችባትም። «የት እንዳደግሽ ጠይቄሽ ነበር» ብቻ አለቻት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር አለች ልጄ።

ቡድኑ ወጣ። ቅርፊት ውስጥ ገብቶ የሚበላ ጥንዚዛ ነው፤ በድርቅ የተዳከመ ዛፍ ሲያገኝ ይራባል። ቅርፊቱን ሲልጡት ከሥሩ እንደ ዱቄት የሆነ እንጨት ፈሰሰ። መጀመሪያ በታየ ጊዜ ጥቂት ዛፍ ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ ተቃጥሎ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አሁን ተዳፋቱን ከላይ እስከ ታች ይዞታል። ወንዙን ተሻግሮ ወደ ትልቁ ጫካ ሳይገባ ለመያዝ የተዳፋቱን ጥድ በሙሉ መቁረጥ አለባቸው። አንድም ሳይቀር።

ልጄን ከካሬዎቿ አነሷት። ከሥራ አላባረሯትም፤ አለቃዋ ተከራከረችላት አሉ። የሰጧት ሥራ ግን የድሮ ምስሎችን በየቀናቸው እየደረደሩ በሽታው መቼ እንደጀመረ መለየት ነው። የራሷን «ደመና» እያገኘች፣ እያነሳች፣ ትክክለኛውን ቃል እየጻፈችበት። ቅጣት ብለው አልሰጧትም። ከሷ የተሻለ የሚያውቀው ስለሌለ ነው።

ዓርብ መጣች። ቀድሜ በሩ ላይ ስላየኋት ፊቷ ነገረኝ። «ምነው?» ስላት ጨብጣኝ አለፈች። ባለቤቴ ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ ያን ቀን ጺሙን ተላጭቷል።

«ጫካዬ እንዴት ሰነበተ?»

ቦርሳዋን አውርዳ እግሯ ሥር አኖረች።

«ምነው፣ ምስሉ አልመጣም?»

«መጥቷል አባዬ።» አልጋው አጠገብ በርከክ አለች። «የላይኛው ጥድ ታሟል። ጥንዚዛ ነው። ሊቆርጡት ነው።»

እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ቆመ።

«ምን ያህሉን?»

«ሁሉንም።»

«ከየት ጀመረ?»

«ከላይኛው ጠርዝ። ከቋጥኙ ጎን።»

«መጀመሪያ ጥቂት ነው የሚሆነው» አለ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስል ነበር። «እንዲህ ያለ ነገር አንድ ቦታ ነው የሚጀምረው። ጥቂት ዛፍ።» ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። የዞረው እንደ አባት አልነበረም፤ ያን ዓይን ድሮ እንጨት ሰርቀው የያዛቸውን ሰዎች ሲጠይቅ አይቼዋለሁ። «መቼ ነው ያየሽው?»

«አባዬ...»

«መቼ ነው ያየሽው፣ ልጄ?»

«አንተ ሆስፒታል የገባህ ጊዜ።»

ከግድግዳው ማዶ ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ብረት ይመታል። እሱን ነው የሰማነው። ልቡ ውስጥ ዓርቦቹን ወደ ኋላ ሲቆጥር አየሁት። ቀይ ነው ያለችውን ሁሉ። የበላውን ዳቦ ሁሉ።

«መስኮቱን ዝጉልኝ» አለ። «በረደኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ልጄ ተንበርክካ ቀረች። ወደሷ እስኪዞር ጠበቀች፤ አልዞረም። እጇን ይዤ አስነሳኋት።

ከሄደች በኋላ ተቀየምኩት። «ላንተ አዝና ነው» አልኩት። «ሐኪሙ እንዳትነግሩት ብሏታል፤ እኔም ሰምቻለሁ። ምን ታድርግ?»

«ለኔ እዘኑልኝ ያለ ማን ነው?» አለ። ድምፁ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፤ ሽማግሌ ይሞታል። ከሁለታችን መዳን የሚችለው ዛፉ ነበር።»

ይኼንን ለልጄ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ዓርብ መጣች። ስለ ጫካው አልጠየቃትም። ሻይ አፈላሁ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ልጇ ትምህርት ቤት አወራን። እሱ ጣሪያ ያያል። የሚጠይቃትን ስትጠብቅ ሻይዋ ቀዘቀዘ። ሌላም ዓርብ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ አንድ ጠዋት ልብሱን ሳለብሰው፦

«ዓርብ ዓርብ አትምጣ በያት» አለኝ።

«ልጅህ እኮ ናት!»

«አትምጣ አላልኩም። ዓርብ አትምጣ። ሌላ ቀን ትምጣ።»

ስነግራት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። «አባረረኝ» አለች። እኔ ግን እንደዚያ አልሰማሁትም። ወሬ አምጪውን ነው እንጂ ልጁን አላባረረም፣ ብዬ ነገርኳት። ልጁን ሌላ ቀን ጠርቷታል። «እንደዚያ ነው?» አለችኝ። «እንደዚያ ነው» አልኳት። ወረቀት ላይ ሳስቀምጠው ያን ያህል እርግጠኛ አይደለሁም፤ ያኔ ግን እርግጠኛ ነበርኩ፣ ወይም መሆን ነበረብኝ።

እሑድ እሑድ መምጣት ጀመረች። ልጇን ይዛ ትመጣለች፤ ልጇ ከሌለች ደግሞ ምን እንደምታወራው አታውቅም። አንድ እሑድ ጥፍሩ ማደጉን አይታ መቁረጫ አነሳች። «አባዬ፣ ልቁረጥልህ?» አለችው። እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥቶ ጭኗ ላይ አኖረው። ጣት በጣት፣ ቀስ እያለች ቆረጠችለት። ያ እጅ ችግኝ የተከለበት እጅ ነው። ስትጨርስ ቶሎ አልለቀቀችውም፤ እሱም አልሳበውም። ዓይኑ ግን መስኮቱ ላይ ነበር።

ቆረጣው እንደተጀመረ ከባልደረቦቹ አንዱ ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ከበስተጀርባው የመጋዝ ሞተር ይሰማል። «ይናገር እንጂ፣ ድምፁን እንስማው» ይላል ሰውየው። ባለቤቴ በእጁ እንቢ አለኝ። «ተኝቷል» አልኩ። እሱም ዓይኑን ጨፈነ፤ ውሸቴን እውነት ላድርገው ብሎ ይመስለኛል።

ሥራው ሲያልቅ ደመናው ምስሉን ለልጄ አሳያት። ያ ካሬ የሷ አይደለም፤ ግን አይታ ይውጣላት ብሎ ነው። ተዳፋቱ ግራጫ እንኳ አይደለም አለችኝ፤ የአፈር ቀለም ነው። ጥንዚዛው ግን ወንዙን አልተሻገረም። ማዶው ቀይ ነው። ትልቁ ጫካ ተርፏል። ይኼን የምሥራች ለአባቷ ልንገረው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ንገሪው አልኳት። እሑድ መጣች፤ ልጇን ወደ ውጭ ላከች፤ ተቀመጠች፤ አፏን ከፈተች። እሱ ግን ቀድሟት «ልጅሽ ቁመቷ ጨመረ» አላት። «አዎ አባዬ» አለች። ሌላ ነገር አልተናገሩም።

ዝናቡ ያን ዓመት ደህና ጣለ። ለማን ብሎ እንደሆነ እንጃ። ባለቤቴ በዚያው ክረምት ሞተ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ። ውሃ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። «ልጥራት?» አልኩት። «ዝናብ ነው፤ እንዳትበሰብስ» አለኝ። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ቀብረነው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ልጄ ቀረች። አልጋውን ለማንሳት መጥታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሿ ወደ አንገቷ ወርዷል።

«እማዬ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ አብረሽው የነበርሽው። ይቅር ብሎኝ ነው የሞተው?»

«ብሎሻል» አልኳት።

«በአፉ ተናገረ?»

«ብሎሻል አልኩሽ እኮ።»

አየችኝ። ሳትቸኩል፣ ፊቴን ከዳር እስከ ዳር አየችው። እኔ ደግሞ ዓይኔን ላለማንሳት ታገልኩ። ልጅ ሆና ከመሬት መርፌ ታነሳ የነበረች ሴት ናት፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምደብቃት። እሱ የሰጣትን ያህል ብቻ ነው ያለኝ፤ ጭኗ ላይ የተኖረ እጅ፣ አንድ «እንዳትበሰብስ»። ይኼ ይቅርታ ነው ወይስ አይደለም፣ እኔም ሌሊት ሌሊት የማስበው እሱን ነው።

«እሺ እማዬ» አለች።

ከዚያ ተነሳችና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ያዘች፤ እኔ ሌላውን ያዝኩ፤ አጠፍነው።